ቢኒ ስሌተር የተናገረችውና ያልተናገረችው ቃል

ቢኒ ስሌተር ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርታ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች። እሷ ስታስል እኛ እንሰማለን፤ እኛ ስንጣላ እሷ ትሰማለች። ስለ እሷ የማወራው ግማሹን ከእናቴ ሰምቼ፣ ግማሹን በዓይኔ አይቼ ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ ራሷ ነግራኛለች። እኔ ሳውቃት ብዙ አታወራም ነበር። በወጣትነቷ ግን በመንደራችን በፖርትስካርፍ ከእሷ የባሰ ምላሰኛ አልነበረም ይላሉ።

አባቷ እንደ ሁላችንም አባት ዓሣ አጥማጅ ነበር። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የዛጎል ሥጋ እየፈለቀቀች በስድስት መቶ መንጠቆ ላይ የምትሰካው እሷ ነበረች። ጉልበቷ ሲጠና ደግሞ አባቷን አዝላ ጀልባው ድረስ ማድረስ ጀመረች። የእኛ ባሕር ዳር ጀልባ የሚጠጋበት ግንብ የለውም። ወንዶቹ ገና ሲነሱ ከረጠቡ ቀኑን ሙሉ እንደረጠቡ ሊውሉ ነው፤ ስለዚህ እኛ ሴቶቹ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ባል ያላት ባሏን፣ ባል የሌላት አባቷን አዝለን ውሃ ውስጥ እንገባለን። የሌላ አገር ሰው ሲያየን ይስቃል። እኛን አያስቀንም።

በመንደሩ አብዛኛው ሰው ወይ ስሌተር ወይ ራንሲ ስለሆነ ያለ ቅጽል ስም ማንም ከማንም አይለይም። ያን ጊዜ ስም አውጪዋ ቢኒ ነበረች። አንዱን «ጨው አፍ» አለችው፣ አንዱን «ሰኞ ፊት»፤ የወጣላቸው ስም እስከ መቃብራቸው ተከተላቸው። ሰው ይስቅላት ነበር። ሰው የሚስቅለት ደግሞ ምላሱን መቼ እንደሚሰበስብ አያውቅም።

«ሰኞ ፊት» ያለችው ዶድ ራንሲን ነው። ዶድ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሰላምታ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሚስቱ ማርጊትም እንደሱ ዝምተኛ ናት። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አልነበራቸውም። በ1884 የካቲት ላይ የቢኒ የአጎት ልጅ አገባችና የመረብ ማስቀመጫው ቤት ተጠርጎ ድግስ ተደረገ። ዶድ መጣ። መጥቶም ጥግ ይዞ አልተቀመጠም። ሙሽራዋን አስጨፈረ፣ የሙሽራዋን እናት አስጨፈረ፣ ከዚያ ማርጊትን ከወገቧ አንስቶ አዞራት። ወገቡ ላይ ያለችውን ጥሩ ቢላዋውን ፈትቶ ለሙሽራው ሰጠ። ሲስቅ ጥርሱን ያየነው ያን ቀን ነው ትል ነበር እናቴ።

እዚህ ላይ ስለ ቃሏ መናገር አለብኝ። በእኛ አነጋገር «ፌይ» የሚባል ነገር አለ። ሞት የጠራው ሰው ጥሪው ሳይታወቀው በፊት የሚይዘው ደስታ ነው። ኮስታራው ይስቃል፣ ንፉጉ ይሰጣል፣ ዝምተኛው ይዘፍናል። ብዙ ጊዜ ቃሉ የሚነሳው ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። «ባለፈው ሳምንት ፌይ ነበር እኮ፤ እኛ ነን ያላስተዋልነው» ይባላል። በሕይወት ባለ ሰው ፊት፣ ያውም ባሕር ሊወጣ ባለ ሰው ፊት፣ አይጠራም። ጀልባ ላይ አሳማ እንደማይባለው፣ ቄስም እንደማይባለው ሁሉ ነው። አንድ ሰው ተሳስቶ ከጠራ ሁሉም በአጠገቡ ያለ ብረት ይነካል።

ቢኒ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ትንሽ ውስኪም ቀምሳለች። ዶድ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ዶድ ራንሲን እዩልኝ። ሰውየው ፌይ ሆኗል» አለች።

እንደ ሌላው ቀን ሳቅ የሚከተል መስሏት ነበር። ሁሉም ግን ብረት ፍለጋ እጁን ወደ ኪሱና ወደ በሩ ማጠፊያ ሰደደ። ዶድ ራሱ ብቻ ሳቀ። «እንግዲያው እስኪመጣ ድረስ አንዴ እንጨፍር» ብሎ እጇን ያዘ፤ እሷም አፍራ ጨፈረች። ማርጊት ግን ያን ጊዜውኑ ሻርፗን ለብሳ ወጣች።

በአራተኛው ቀን የዶድ ጀልባ ከባሕር ሲመለስ፣ መግቢያው ላይ ማዕበል ገለበጠው። አምስት ሰው ነበረበት፤ የተረፈ የለም። ከባሕሩ ዳር ርቀቱ ሰው ተጣርቶ የሚሰማበት ነበር፤ ሴቶቹ ቆመው አዩት። ሁለቱ አስከሬኖች በሦስተኛው ቀን ተገኙ፣ ዶድ ግን አልተገኘም።

ማርጊት አላለቀሰችም። ወደ ቢኒ አባት ቤት ሄዳ በሩ ላይ ቆመችና፣ «ስሙን ጠርተሽ፣ ቃሉን ጨመርሽበት» አለቻት። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ዞራ ሄደች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። ቄሱ በእሑድ ስብከታቸው ይህ የአረማውያን ነገር ነው፣ ማዕበልን የሚያነሳው የሴት ምላስ ሳይሆን እግዚአብሔር ነው ብለው ገሠጹ። ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸውና እንደወጣ ያው ሆነ። ጠዋት ወደ ጀልባ የሚወርድ ሰው ቢኒን መንገድ ላይ ካገኛት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሰካችውን መንጠቆ ማንም አልፈልግም አለ። ለሌላው ሰው ስም ታወጣ የነበረችው ልጅ ለራሷ ስም ወጣላት፤ «ዊርድ ቢኒ» ተባለች። ዊርድ ማለት ዕጣ ነው፤ ለሰው ሲወለድ የተቆረሰለት። መከራ ለያዘው ሰው «ዊርድህን ቻል» እንለዋለን፤ ማጽናኛችን ይኸው ነው። ስም ሆኖ በሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ዕጣ አምጪ፣ ሟርተኛ ማለት ይሆናል።

ጆን ኩል የሚባል እጮኛ ነበራት። ሰው ሁሉ ይተዋታል ብሎ ሲጠብቅ በሰኔ አገባት። ለዚህም ከፈለ። በአንድሩ ፍሌት ትልቅ ጀልባ ላይ ቦታ ነበረው፤ ከሠርጉ በኋላ ፍሌት በትህትና፣ መርከበኞቹ እምቢ ስላሉኝ ነው ብሎ አሰናበተው። እምቢ ካሉት ዋናው የማርጊት ወንድም ጌቪን ነበር። ጆን ከወንድሙ ከሳንዲ ጋር ለሁለት ሰው በምትሆን አሮጌ ጀልባ ከዳር ሳይርቅ ማጥመድ ጀመረ። ሌሎቹ የሄሪንግ ዓሣ ተከትለው ሩቅ ሲሄዱና አዲስ ቤት ሲሠሩ፣ እነሱ ከድንችና ከአጃ ገንፎ አልፈው አያውቁም። ጆንና ቢኒ ኤፊ የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። እሷም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ዓሣ ከሚበልቱ ሠራተኛ ሴቶች ጋር ሩቅ ወደ ያርማውዝ ወደብ ሄዳ እዚያው አግብታ ቀረች። ማን በዚያ ስም ሊኖር ይመለሳል?

ጆን ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱን ሲወቅሳት በግድግዳው በኩል አንድም ቀን ሰምተን አናውቅም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ እሳቱን ሲያይ የሚያመሽ ሰው ሆነ። ቢኒም ጎረቤት ፊት ወሬ ከመጀመሯ በፊት ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላብጣ የምታይ ሴት ሆነች። አንዳንዴ ጀምራ ትተወዋለች።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ፣ በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በግድግዳው በኩል ዘፈን ሰማሁ። የወንድ ድምፅ ነው፤ የጭፈራ ዜማ። እናቴ መንጠቆውን እንደያዘች ቀጥ አለች። «ጆን ነው?» አለች።

በዚያኛው ወገን የሆነውን ቢኒ ቆይታ ነግራኛለች። ጆን ከእሷ ቀድሞ ተነስቶ እሳቱን አነደደ። ገንፎው ላይ ለእሑድ የተቀመጠውን ጣፋጩን ሞላሰስ አፈሰሰበት። ፀጉሯን ስታበጥር ከኋላዋ መጥቶ ማበጠሪያውን ተቀብሎ እሱ አበጠረላት። እያበጠረ ይዘፍናል። ምን ሆነሃል ስትለው፣ «ምን እሆናለሁ? ጠዋት ነው፤ ሚስቴ ቆንጆ ናት» አላት።

ባሕር ዳር እናቴ አባቴን ልታዝል ስትወርድ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ግን የምሥራቅ ነፋስ ነው፤ ልብስ አልፎ አጥንት የሚገባ። ቢኒ ጆንን አዝላ ውሃው ውስጥ ገባች። እሱ አገጩን ትከሻዋ ላይ አስደግፎ በጆሮዋ ይዘፍንላታል። ያን ጊዜ ያሰበችውን ስትነግረኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ካልኩት እኔ ገደልኩት። ዝም ካልኩ ባሕር ይገድለዋል። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ እጇን ለቀቀች። ወደ ኋላው ወደቀና ሙሉ በሙሉ ሰጠመ። የዳሩ ሰው ሳቀ። ሳንዲ ከጀልባዋ ላይ ሆኖ፣ «ሃያ ዓመት ተሸክማህ ዛሬ ገና ነው የከበድካት!» አለ። እሷ የፈለገችው እንዲቆጣ ነበር። ተቆጥቶ፣ ተሳድቦ፣ ልብሱን ሊቀይር ቤቱ ቢመለስ ሳንዲ ብቻውን አይወጣም፤ ቀኑም ያልፋል። ጆን ግን ከውሃው ሲወጣ እየሳቀ ወጣ።

«ሂድ ልብስህን ቀይር» አለችው። «ጆን፣ ለምኜሃለሁ፤ ቤት እንሂድ።»

«እንዲህ ያለ ቀን ይታለፋል?» አለና ውሃ እየተንጠባጠበ ጀልባዋ ላይ ወጣ።

ቀኑን ሙሉ ከባሕሩ ዳር አልተነሳችም። እናቴ የአጃ ቂጣ ላከችላትና ይዤላት ሄድኩ፤ አልነካችውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀልባዋ መጣች። ከክብደቷ ውሃው ውስጥ ዝቅ ብላ፣ ዓሣ ሞልታ። ቢኒ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ እስከ ደረቷ ውሃ ገባችና ባሏን አዘለችው። ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። «አልሆነም፣ አልሆነም» ትላለች፤ ምን እንዳልሆነ የገባን የለም። ጆን ጀርባዋ ላይ ሆኖ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

በማግስቱ ትኩሳት ያዘው። ሐኪሙ መጥቶ ደረቱን አዳመጠና የሳንባ ምች ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቀለል ሲለው ሚስቱን ጠራትና ደስታው ምን እንደነበር ነገራት። ከዚያ ማክሰኞ በፊት ባለው ቅዳሜ አንድሩ ፍሌት መንገድ ላይ አቁሞት፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ በጀልባዬ ላይ ቦታህን ትይዛለህ፣ የድሮው ነገር ይብቃ ብሎታል። ፍሌት ለሁሉም እስኪነግር ድረስ ግን ለማንም እንዳይናገር አስምሎታል።

«ለእኔ እንኳ?» አለችው።

«ምዬ የለ። አፌን ብዘጋው ዘፈን ሆኖ ወጣ» አላት።

በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ቀብሩ ላይ ፍሌት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣና ለቢኒ እውነቱን አረጋገጠላት። ቃል ተገባብተናል፣ እኔም የዘገየሁት ሃያ ዓመት ነው፣ ይቅር በይኝ አላት። እሷ፣ «እርስዎ ምን አደረጉ፤ ደስ አሰኙት እንጂ» ብላ ብቻ አለፈች። መንደሩ ግን ሥራውን ጀምሮ ነበር። ጆን ጠዋት ሲዘፍን ስንት ሰው ሰምቷል። ገሚሱ በቃ ፌይ ነበር፤ ዊርዱ ነው፤ በባሕር ባይሆን በብርድ መጣበት አለ። የቀረው ደግሞ በራሷ ባል ላይ ቃሉን ጠርታበት ነው አለ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሐሙስ ከሰዓት፣ እናቴ የላከችውን የዓሣ ሾርባ ይዤ ቢኒ ቤት ስገባ፣ ማርጊት ራንሲ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከሃያ ዓመት ወዲህ ያን ደፍ ረግጣ አታውቅም። ልወጣ ስል ቢኒ በእጇ ቁጭ በይ አለችኝ። ብቻዋን መሆን የፈራች መሰለኝ።

«አልሽው?» አለች ማርጊት።

«አላልኩም።»

«ብላዋለች ይላሉ።»

«አላልኩም ማርጊት። ስለፈራሁ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ከባሕር ላስቀረው ብዬ። ያ ብርድ ነው የገደለው። እኔ ነኝ።» ለማንም ያልተናገረችውን ነው የተናገረችው፤ እናቴ እንኳ ቢኒን እግሯ አዳልጧት ይመስላት ነበር።

ማርጊት፣ «ዶድ ያን ቀን ለምን እንደጨፈረ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ቢኒ ሾርባውን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ስምንት ዓመት ፅንስ አልያዘልኝም ነበር። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ነው ያረገዝኩ ይመስለኛል ያልኩት። ሰው ሳያውቅ ይቆይ ተባብለን ነበር። በመስከረም ልጄን ስወልድ መንደሩ ሁሉ አይቷታል። ወር የቆጠረ ግን አንድ ሰው የለም። ለምን ይቆጥራል? ለምን እንደሳቀ አንቺ ቀድመሽ ነግረሻቸዋል።»

«እኔ ቆጥሬአለሁ» አለች ቢኒ ቀስ ብላ።

«እኔን የሚያቃጥለኝ ያልሽው አይደለም። ማመኔ ነው። አራት ቀን ሙሉ፣ እሱ በሳቀ ቁጥር ሞት ቤቴ የገባ እየመሰለኝ ፊቴን ሳዞርበት ከረምኩ። በመጨረሻው ቀን አዝዬ ጀልባው ላይ ሳስቀምጠው ቀና ብዬ አላየሁትም። ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም። በሕይወቱ አንድ ሳምንት ደስ ቢለው፣ ያችን ሳምንት እንደ ሬሳ ፈራሁት።»

ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር። ማርጊት ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ፣ ጌቪን ጆን ወደ ፍሌት ጀልባ ስለመመለሱ ሊጠይቀኝ መጥቶ እሺ በላቸው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው የመጣሁት አለች። «ይቅር ልልሽ አይደለም» ስትል ጨመረች። «እሱ ገና አልመጣልኝም።» መምጣቱንም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ ማርጊት ቆማ ሰላም ትላት ነበር፤ ያም ለሌላው ሰው ትልቅ ነገር ሆነ። ብረት የሚነካው ሰው ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ።

ቤቱ ግን አልቀናም። ሳንዲ ብቻውን ማጥመድ ስላልቻለ ጀልባዋ ዳር ላይ ተገልብጣ በሰበሰች። ባሕር የሚተፋውን አረምና የፈረሰ ቤትን እኛ በአንድ ቃል ነው የምንጠራቸው፤ «ራክ» እንላለን። የቢኒ ቤት ራክ ሆነ ሲሉ እሰማ ነበር። እሷ በጀርባዋ ቅርጫት ዓሣ እየያዘች ወደ ገበሬዎቹ መንደር ትወጣና በዓሣው ዱቄትና እንቁላል ለውጣ ትመለሳለች። ባል የማዘል ዕዳው ቢቀር ቅርጫቱ አልቀረም።

አንድ ክረምት የአገሩን አሮጌ ቃላት የሚለቅም አስተማሪ ደብተር ይዞ መጣ። የድሮ ቃል የምታውቅ ማን ናት ሲል ወደ ቢኒ ላኩት፤ ግማሹ ለተንኮል ነው። እሷ አስቀምጣ የነፋሱን ዓይነት፣ የዓሣውን ስም፣ ሰው ሲከስር፣ ቤት ሲጠፋ የሚባለውን ሁሉ ነገረችው። ጎበዝ አስተማሪ ነበረች ብሎ ለእናቴ ነግሯታል። ከዚያ ስለ ፌይ ጠየቃት።

«ደስ ያለው ሰው ማለት ነው» አለችው።

«ሊሞት የተቃረበ ማለት አይደለም እንዴ? ሌላ ቦታ እንደዚያ ነው የነገሩኝ።»

«ይሉታል። እርስዎ ግን ደስ ያለው ብለው ይጻፉ።»

አስተማሪው ሁለቱንም ጻፈ። ከጎኑም የጥያቄ ምልክት ሲያደርግ አይታለች።

ቢኒ በ1918 መጋቢት ላይ ሞተች። ከገበሬዎቹ መንደር ስትመለስ ደክሟት የድንጋይ አጥር ላይ አረፍ ብላ እዚያው ቀረች፤ ያገኛት በጋሪ የሚያልፍ ሰው ነው። ማርጊት ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድማ ሞታ ነበር። ኤፊ ጦርነቱ ባቡሩን ስላዘገየው የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። እኛ ቤት አደረች። እናቷ እንዴት ነበረች ብላ ስትጠይቅ እናቴ፣ ጠንካራ ሠራተኛ ነበረች፣ ማንንም አታስቸግርም ነበር አለቻት። ኤፊ ሌላ የሚጨመር ካለ ብላ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ በእጇ የነበረውን ሻይ ጠጥታ ጨረሰችና በማግስቱ ጠዋት ከእናቷ ቤት የግድግዳ ሰዓቱንና የአልጋ ልብሱን ይዛ ሄደች።